ከነጩ ጭረት ሥር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዝም ማለቱ ስለከበደኝ ጻፍኩት።

የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ ተናኜ፣ ድምፃቸው ሻክሮ አልመለስ ሲላቸው ሐኪም የአንገትና የደረት ሲቲ ስካን አዘዘላቸው። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

ምስሉን የምታነሣው ባለሙያ ብረት ነክ ነገር ሁሉ እንዲወልቅ ጠየቀች። እትዬ ማተባቸው ላይ ያለውን የብር መስቀል ጨበጡ።

«በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ለማሽን ብዬ ልፍታው?»

እንዲያወልቁት መለመን ነበረብኝ። እኔ ግን ብረት ምስሉ ላይ የሚያመጣውን ጭረት የሚቀንስ ፕሮግራም እንዳለ አንብቤ ነበር። «ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ያጸዳዋል» አልኳቸው። ባለሙያዋ መስቀሉን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ምስሉን አነሣች።

ፕሮግራሙ የቻለውን ያህል አጸዳ። ጉሮሯቸው አጠገብ ግን ነጫጭ ጭረቶች ቀሩ። ሐኪሙ በጣቱ እያሳየን፣ «ይሄ ቦታ አይታየኝም፤ ያለ መስቀሉ በቶሎ ይደገም» አለ።

ቤት ስንገባ ፈርተው ነበር። የስልኬን መብራት አብርቼ ሹካ ፊቱ ያዝኩና ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላ አሳየኋቸው። ጨረሩ ብረቱን ማለፍ ሲያቅተው ኮምፒውተሩ የጎደለውን እንደሚገምት፣ ጭረቱም ከዚያ እንደሚመጣ አስረዳኋቸው።

«ጀመረሽ ደግሞ! ክፍል ያሉት አይበቁሽም?» ብለው ሳቁ። «ታዲያ በሽታ አይደለማ?»

«አይደለም እትዬ። የመስቀልዎ ጥላ ነው።»

«የመስቀል ጥላማ ይጠብቀኛል እንጂ ምን ያደርገኛል!»

ፈተና የማርምበት ሰሞን ስለነበር ኮል አድርጌ የድጋሚ ምስሉን ቀጠሮ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አራዘምኩት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ምግብ መዋጥ አቃታቸው። ያን ጊዜ መስቀሉን ራሳቸው አውልቀው አስያዙኝ። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ጭረቶቹ በነበሩበት ቦታ ዕጢ አለ። ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፎ ነበር። መስከረም ሳይጠባ አረፉ።

ሐኪሙ «አይታየኝም» ነበር ያለው። «በሽታ አይደለም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ላይ ጓደኞቻቸው ከበቡኝ። «እግዜር ይስጥሽ፤ ‹ልጄ ምስሉን አየችልኝ፣ ምንም የለብኝም› እያለች እኮ ነው ያን ሰሞን ደስ ብሏት የከረመችው» አሉኝ።

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። «አሜን» ብዬ፣ ዓይናቸውን ማየት እያቃተኝ አልፋለሁ።