ሌንሱ ውስጥ የቀረው አውራ ጣት

ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የሀፊዝን ሱቅ የማያውቅ ሰው ቢኖር ካሜራ ተበላሽቶበት የማያውቅ ብቻ ነው። በሁለት ልብስ ሰፊዎች መሃል ተጨንቃ የቆመች ጠባብ ሱቅ ናት። ግራሶው ደርቆ አልዞርም ያለ አሮጌ ዙም ሌንስ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ሀፊዝ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ማጋጠሚያ ቀለበት ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ከዘንድሮ ካሜራ ጋር ያጋባዋል። በሙያው አይታማም፤ የሚታማው በአፉ ነው። አንድ ደንበኛ ሳያስበው የሌንሱን መስታወት በጣቱ ከነካማ አለቀለት።

«ወንድሜ፣ የበግ ላት መሰለህ እንዴ የምትዳብሰው?» ይለዋል።

ባለፈው ረመዷን፣ ለዒድ ዋዜማ፣ ጋሽ ጣሀ ከኮምቦልቻ ወጡ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ናቸው። ወጣቶቹ ካሜራው ራሱ እያነጣጠረላቸው ሲያነሱ፣ እሳቸው አሮጌ ዙማቸውን በእጃቸው እያዞሩ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ሳይቀር ለቅመው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ዊዳድ አዲስ ካሜራ ገዝታላቸው ሌንሱ አልገጥም ቢል፣ ለዒድ እንዲደርስላቸው ይዘውት መጡ። ሀፊዝ ማጋጠሚያ ቀለበቱን በሊማ ሞርዶ አስተካከለ፣ የደረቀውን ግራሶ አጠበ። የውስጡን መስታወት መልሶ መዝጋት ብቻ ሲቀረው መግሪብ አዛን አለ። ጋሽ ጣሀ ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ሰጡት፤ እዚያው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አፈጠሩ። መኪና እንዳያመልጣቸው የቸኮሉትን ሰውዬ ማቆየት ከበደውና ሀፊዝ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሌንሱን ዘጋው። ለሰው ሁሉ «ታጠብ» ሲል የሚውለው ሰውዬ ያን ቀን እጁን አልታጠበም።

ሌላው ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዊዳድ ያንኑ ሌንስና ካሜራ ይዛ ብቅ አለች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እስቲ የሚዞረውን ቀለበት ላላ አድርግልኝ። ከእንግዲህ እኔ ልማርበት ነው።»

«አባትሽስ?»

«አባባማ ሥራ አቆመ። ዓይኑ ነው። ኅዳር ላይ ቢስቲማ ለሠርግ ሄዶ ያነሳው ሁሉ ጉም የለበሰ ሆነ። የሙሽራዋ እናት ‹ልጄን ጭስ ውስጥ ነው እንዴ ያነሷት?› ብላ አለቀሰችበት። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከድቶኛል ብሎ ቤት ዋለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። አሁን ለሶላት ሲወጣ እንኳ ዓይኑን ስለማያምን እጁን ይዤ ነው የማደርሰው።»

ሀፊዝ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽራቸዋል» ብሎ ገበያ ደርሳ እንድትመለስ ላካት። ሌንሱን ፈትቶ ወደ ብርሃን ሲያነሳው የውስጡ መስታወት ሻግቷል። ሻጋታ ክረምት እንደሚወድ ስለሚያውቅ መጀመሪያ አልገረመውም። ቀረብ አድርጎ ሲያየው ግን ሻጋታው እንዲሁ አልተበተነም። ሞላላ ሆኖ በቀጫጭን መስመሮች ተከቧል፤ መሃሉን ደግሞ አንድ ሰያፍ ባዶ መስመር አቋርጦታል። ሀፊዝ የቀኝ አውራ ጣቱን ከመስታወቱ አጠገብ አቆመ። ሊማ አምልጦት የቆረጠው የልጅነት ጠባሳ በዚያው በኩል፣ በዚያው ስፋት ያቋርጣል።

የተምሩ ነገር ያኔ ነው ትዝ ያለው። ጣቱ ላይ የቀረውን ጣፋጭ ሻጋታው ክረምቱን ሙሉ ሲበላው ከርሟል። ጋሽ ጣሀ ለሶላት እጃቸውን ተይዘው ሲሄዱ ታዩት። እንዲህ ያደረጋቸው እሱ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስህተት ነው ይባል ነበር፤ ስህተት የማይሠራ አንድ አላህ ብቻ ነው። ሀፊዝ ግን ሳያስብ ጥጡን አልኮል ነከረና አሻራውን ከሥሩ ጠረገው። ይህን ጊዜ እጁን ቀድሞ ታጥቧል። መስታወቱ ጠራ።

ዊዳድ ስትመለስ «የክረምት እርጥበት ነው ያሻገተው። ያባትሽ ዓይን ምንም አልሆነም» አላት። ልጅቷ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«እኔ ብነግረው ልታጽናናኝ ነው ይለኛል። አንተን ግን ያምንሃል። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አብረን እንውረድ።»

በአላህ የተያዘ ሰው ምን ይላል? ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አንዱ መታጠፊያ ላይ «እነግራቸዋለሁ» ይላል፤ ቀጣዩ ላይ ደግሞ «ምን አስለፈለፈኝ፣ ዓይናቸው ደህና መሆኑን ካወቁ በቂያቸው ነው» ይላል። የቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ጋሽ ጣሀ በረንዳ ላይ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። በድምፁ ለዩት።

«ሀፊዝ ነህ? መርሃባ ልጄ፣ አረፍ በል።»

ዊዳድ ካሜራውን እጃቸው ላይ አኖረችው። አንገራገሩ። ከዚያ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ አነሱትና ቀለበቱን በቀስታ አዞሩት።

«ሚናራው ላይ ያለችው ጨረቃ ታየችኝ» አሉ። ካሜራውን አወረዱና ደግመው በባዶ ዓይናቸው አዩዋት። «አልሀምዱሊላህ። ለካ አለሁ።»

«ሌንሱ ሻግቶ ነው ጋሽ ጣሀ። ክረምቱ ነው» አለ ሀፊዝ፤ ድምፁ ለራሱም አልጣመውም።

«ምን ክረምቱ! እኔና ሌንሱ ስንት ክረምት አብረን አሳለፍን። እኔ ነኝ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት። ሞኝነቴን እይልኝ፤ ሌንሱንማ ገና አንተ ሠርተኸዋል፣ የሀፊዝ እጅ የነካው አይበላሽም አልኩና፣ አንተን ከምጠረጥር ዓይኔን ጠረጠርኩ። በል እጅህን አምጣ፣ ልመርቅህ።»

ሀፊዝ እጁ ከኪሱ አልወጣ አለው። ሽማግሌው ጎትተው አወጡትና ሊስሙት ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት። ያኔ እጁን መንጨቁን እንጂ ማሰቡን አያስታውስም።

«አይሳሙት» አለ። «ሌንሱን ያበላሸው ይሄ ጣት ነው። ለዒድ ዋዜማ ተምሩን በልቼ እጄን ሳልታጠብ መስታወቱን ነካሁት። ሻጋታው የበቀለው የኔ አሻራ ላይ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አይቼ ደግሞ ጠረግኩትና ዊዳድን ዋሸኋት። ይቅር በሉኝ፣ አፉ በሉኝ።»

ውሃ ይዛ የመጣችው ዊዳድ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ጋሽ ጣሀ የሀፊዝን አውራ ጣት ያዙና ወደ ብርሃን አዙረው ጠባሳውን አዩት። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው አልደበቀም።

«እኔ አፉ ብዬሃለሁ» አሉ። «ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩትን ጊዜ ለአላህ ትቼዋለሁ። የቢስቲማዋ ልጅ ግን ሠርጓ አይደገምላትም። እሷን አፉ በይኝ የምትላት አንተ ነህ።»

«እሺ። መቼ?»

«አሁን ነዋ። ቢስቲማ የሚኬደው በደሴ በኩል ነው፤ ወደዚያ የሚወጣ መኪና ሳያልቅ።»

ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተነሱ። ዊዳድ እንደለመደችው እጇን ዘረጋችላቸው፤ አልያዙትም። ይልቅ የሀፊዝን ክንድ ጨብጠው ወደ መኪናው መቆሚያ ይዘውት ወረዱ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። አስፋልቱን ሲሻገሩ ግራና ቀኝ ያዩት ጋሽ ጣሀ ነበሩ።