በሞቴ ይቅደሙ

በዚያ ሳምንት ተራራ ወጥቼ የምዝናናበት ልብ አልነበረኝም። ሻንጣዬ ታስሯል፣ ስጦታዬ ተገዝቷል፣ ወደ አገር ቤት የምንበርበት ቀን ደርሷል። ሁለት ዓመት ያህል የስፌት መኪና ጥገና ስንማር የቆየንበት የሶቪየት ፋብሪካ ግን ያለ መሸኛ አልለቅም አለን። መሸኛው ደግሞ ምሳ አብልቶና አጨብጭቦ መሰናበት አይደለም፤ ካውካሰስ ድረስ ወስዶ በበረዶ ግግር ላይ በእግር ማስኬድ ነው። "አገራችሁ የሌለ ነገር ነው፤ አይታችሁት ሂዱ" አሉን። እኔ ማየት የምፈልገው ነገር ያለው አገሬ ነበር።

እምቢ ማለት አይቻልም። በዚያ ዘመን ግብዣ አለመቀበልም ትርጉም ይሰጠው ነበር። ሦስት ብቻ ብንሆንም የቡድናችን ኃላፊ "ጓዶች፣ የወዳጅ አገር ሠራተኞች በፍቅር ያቀረቡልንን..." ብሎ ሲጀምር እኔም አፌን ያዝኩ። እሱ ራሱ ግን ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ሆቴል ቀረ።

እንዲያ ያስቸኮለኝ አንድ ካሴት ነው። ነፋስ ስልክ ካለው ቤታችን ልጄን ለእህቴ ትቼ ስወጣ ልጅቷ ገና ወፌ ቆመች የሚባልላት ነበረች። አባቷ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ስለቀረ፣ ከምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለትምህርት ስመረጥ ልጄን የምሰጣት ሰው ከእህቴ ሌላ አልነበረኝም። የሰፈራችን ስም ስልክ ይሁን እንጂ ቤታችን ስልክ የለም። ስለዚህ ወደምማርበት አገር የሚመጣ ሰው ሲገኝ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩልኛል። በመጨረሻው ካሴት ላይ እህቴ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባው፣ ስለ ስኳር ወረፋው እያወራችልኝ ሳለ ከኋላዋ የልጄ ድምፅ መጣ። "እማዬ፣ ውሃ" አለች። ልቀዳላት ብድግ ብያለሁ። እህቴ "እሺ፣ የኔ ቆንጆ" አለቻትና የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

እህቴን አልወቀስኳትም። ቀን ከሌት ተሸክማ ያሳደገቻት እሷ ናት፣ እማዬ ብትባል ምን ይደንቃል? ግን ቀናሁ። በእናቴ ልጅ እንደዚያ እቀናለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላርፍ አለ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አወዛውዘዋለሁ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ምግብ ፊቴ ቀርቦ እነሳለሁ። እያንዳንዷ ያለፈች ቀን ልጄን ከእኔ ወስዳ ለእህቴ የምትሰጣት ይመስለኝ ነበር።

ከፋብሪካችን አብረውኝ የመጡት ሰው ከመቁረጫ ክፍል ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው። የደቡብ ሰው ናቸው፣ ጴንጤ። እኛ ሰፈር ያለው የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ መዘመር ለምደዋል። እኔ ደግሞ መካኒሳ አቦን የምሳለም ነኝ፤ በዚህ ነገር ሁልጊዜ እንጎነታተላለን። "ከንፈርዎ ሳይንቀሳቀስ እግዜር በምን ይሰማዎታል?" ስላቸው፣ "የእናንተ ከበሮ ፋታ ሲሰጠው ይሰማኛል" ይሉኛል። ስለ ካሴቱ የነገርኳቸው ለሳቸው ብቻ ነበር። "ልጅ ነች፣ ትመለስልሻለች" አሉኝ። ቀላል አድርገው መናገራቸው አበሸቀኝ።

የተራራ መሪያችን እዚያው ተራራ ሥር የተወለደ፣ ፊቱን ፀሐይና ብርድ የጠበሰው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። አስተርጓሚያችን አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ መነጽራም ሩሲያዊ ነው። ክፋት የለበትም፤ ችግሩ መጽሐፉ ላይ ያልተጻፈ አማርኛ ሲገጥመው ነው። የምኖረው ነፋስ ስልክ ነው ስለው "በነፋስ ነው የሚደወለው?" ብሎ ጠይቆኛል።

በጠዋት ጫማችን ሥር ጥርስ ያለው ብረት አሰሩልን፤ ወገባችንን በአንድ ገመድ አያያዙን። መሪው ከፊት፣ ቀጥዬ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ አስተርጓሚው። መሪው ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ትንሽ አሰበና "በረዶውን ርገጡ፤ በረዶውን ግን እንዳትረግጡ" አለን። ከጋሼ ጋር ተያየን። እነሱ ለጠጣሩም፣ ለለስላሳውም፣ አዲስ ለወረደውም ለየብቻ ስም አላቸው። እኛ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ተራራ ላይ የተጋገረውንም በረዶ ብለን ገላግለናል። መሪው ትዕግሥቱ ሲያልቅ የራሱን ዱካ አሳየን፤ ከዱካው ግራና ቀኝ ያለውን አሳይቶ ደግሞ ጣቱን ወዘወዘ። ይሄ ገባን። እሱ የረገጠውን ብቻ መርገጥ፣ ገመዱን ወጠር አድርጎ ተራርቆ መሄድ።

መራራቁ ግን አልሆነልንም። ሰው ከሰው ጋር ሲሄድ እያወራ ነው የሚሄደው፤ ተራርቆ እንዴት ይወራል? ጋሼ ትንሽ ይቆዩና ተረከዜ ላይ ይደርሳሉ፣ ገመዱ በመካከላችን ይዝረከረካል፣ መሪው ዞር ብሎ ይጮኻል። እንለያያለን፤ ወዲያው ደግሞ እንገናኛለን።

ውብ ነበር፣ አልዋሽም። የበረዶው ስንጥቆች ውስጥ ሲያዩ ብርሃኑ ውሃ ላይ የፈሰሰ የብዕር ቀለም ይመስላል። ጋሼ የሚሰማቸው ካድሬ ስለሌለ በረጅሙ መተንፈስ ጀመሩ። እኔ ግን "መቼ ነው የምንመለሰው?" እያልኩ አስተርጓሚውን አደርቀዋለሁ። መሪው ምን እንደምል ጠየቀና፣ ሲነገረው ወደ በረዶው እያመለከተ፣ ይሄም የቆመ እንዳይመስልሽ፣ ይሄዳል፣ ግን አይቸኩልም አለኝ። ልጅ አልናፈቀውማ ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ከቀትር በፊት አንድ ሰፊ ስንጥቅ ጋ ደረስን። በረዶ በላዩ ተጋግሮ ድልድይ ሠርቶለታል። መሪው በዘንጉ እየወጋ ተሻገረና ከማዶ ገመዱን ይዞ ተቀመጠ። አንድ በአንድ ኑ አለ። ተራው የእኔ ነው። ዞር ስል ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከኋላዬ ቆመዋል። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፤ አስተዳደጌ ነው። አባቴን የሚያህሉ ሰው ቆመው እኔ ልለፍ?

"ይቅደሙ፣ ጋሼ።"

"ኧረ እለፊ አንቺ።"

"በሞቴ ይቅደሙ።"

"አፈር ስሆን፣ እለፊ።"

"እኔ ልሙት አላልፍም።"

ሠርግ ቤት በር ላይ የቆምን ነበር የምንመስለው። መሪው ከማዶ ምን እያሉ ነው ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚው የሰማውን ቃል በቃል ነገረው፤ ሴትየዋ ሞቴን ትላለች፣ ሰውየው አፈር ልሁን ይላል፣ አሁን ደግሞ ሴትየዋ ልሙት አለች። መሪው ደንግጦ ብድግ አለ። በዚህ መሃል እኔ ክርክሩን ልቋጭ ብዬ ጨዋ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ከመንገዱ ወጣ ብዬ አሳለፍኳቸው። አንድ እርምጃ ብቻ ነው፣ በረዶው ዋጠኝ።

ገመዱ ላልቶ ስለነበር እስከ ብብቴ ሰመጥኩ። ከወገቤ በታች የምረግጠው ነገር የለም። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ነፍሱ ያስባል ይላሉ። እኔ ያሰብኩት ልጄ ምንም እንደማይጎድልባት ነው። እዚያ ብቀር እማዬ የምትላት አለቻት፣ ውሃ የምትቀዳላት አለቻት። መርዶ እንኳ አይነገራትም፤ ለእሷ የሞተባት ሰው የለማ። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን አንገበገበኝ። በረዶውን በሁለት ክርኔ የቧጠጥኩት በንዴት ነው።

ጋሼ በሆዳቸው ተኝተው ኮሌታዬን ያዙ። "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" እያሉ ተራራው እስኪያስተጋባ ተጣሩ። መሪው ከማዶ ጎተተ፣ ጋሼ ከወዲህ አነሱኝ፣ ወጣሁ። ትንፋሼ ሲመለስ "ዛሬ ከንፈርዎ ተንቀሳቀሰ" አልኳቸው። አልሳቁም። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም፤ መሪውም በዚህ አልተቆጣንም።

የተቆጣው በሌላው ነው። ለምን መሞት እንደፈለግን በአስተርጓሚው ጠየቀን። ጋሼ አስረዱት፤ መሞት አይደለም፣ መከባበር ነው፣ እኛ አገር በር ላይ እንዲህ ነው የምንባባለው። መሪው ሰምቶ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው "ታዲያ ቤት የምትገቡት መቼ ነው ይላል" አለን።

ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ነበር። ብናገር ሐኪም ቤት ያቆዩኛል፣ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል። ስለዚህ እግሬን ጠፍሬ አስሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ከተራራው ወረድኩ። ቡድን ኃላፊው እንዴት ነበር ሲለኝ በጣም ደስ ይላል አልኩት።

አዲስ አበባ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ታክሲው ነፋስ ስልክ ሲደርስ ገና ሳይቆም በሩን ከፍቼ ሹፌሩ ተቆጣኝ። በራችን ላይ እህቴ ቆማለች፤ ቀሚሷን ይዛ ደግሞ ፀጉሯን የተሠራች፣ ነጭ ካልሲ ያደረገች ልጅ። ረዝማለች። ግንባሯ ቁርጥ የአባቷ ነው።

"ሂጂ፣ ሳሚያት። ማን እንደሆነች ነግሬሽ የለ?" አለቻት እህቴ።

መጣች። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። "እንደምን ዋሉ?" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። አሻንጉሊቱን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ጎረቤቶች ጨዋነቷን አደነቁ። እኔም ለእህቴ "አሳደግሽልኝ" አልኳት፣ ከልቤ ነው። ቤት ገባን፤ የእንግዳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ እህቴ ጉልበት ላይ ወጥታ ሻንጣዬን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ሻንጣዬን አየች።

"እማዬ" አለቻት፣ "እሳቸው መቼ ነው የሚሄዱት?"

እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ከወንበሩ ወርጄ፣ እግሬ እንዳስቻለኝ ልጄ ፊት ተንበረከክሁ።

"አልሄድም፣ የኔ ልጅ። እዚሁ ነው የምኖረው።"

ልጄ ትንሽ አሰበችበት።

"እሺ" አለችኝ። "ግን እማዬ ጋ የምተኛው እኔ ነኝ።"