እናቴ የመረቀችው መስተዋት

አባቴ ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ የገባው በጥቅምት ነው። ጣሊያኖች ለሚሠሩት ድልድይ ድንጋይ እንዲሸከም ከመንደሩ ወንዶች ጋር ተይዞ ሄዶ ነበር። ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ወንዙ ላይ ከተጋደመው ሳንቃ ተንሸራተተና ከድልድዩ ሥር ካለው ጥልቅ ውሃ ገባ። አልወጣም።

የመንደራችን ሰው ዋና አያውቅም። ወንዶቹ ውሃውን በረጅም እንጨት ሲወጉ ዋሉ፤ ጭቃ እንጂ ሌላ አላገኙም። እናቴ ከወንዙ ዳር አልነሣም አለች።

«አፈር ሳላለብሰው ቤቴ አልገባም። እሱን ዓሣ እየበላው እኔ እንዴት እህል እቀምሳለሁ?»

እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ሰው በበዛበት መናገርም ማልቀስም አይሆንልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከድልድይ ሠሪዎቹ አንድ ወጣት ጣሊያን ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። በእጁ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን፣ ከፊቱ መስተዋት የተገጠመበት ጥቁር ጎማ ይዟል።

«እናቴ፣» አላት አስተርጓሚው፣ «ይህ ሰው ውሃ ውስጥ እየገባ የድልድዩን እግር የሚያይ ነው። ባለቤትዎን ልፈልግልዎ ይላል።»

«ይግባ» አለች።

ጣሊያኑ ልብሱን አወለቀ። ከዚያ መስተዋቱን ወደ አፉ አስጠጋና እንትፍ አለበት! ምራቁን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ በወንዙ ውሃ ለቅለቅ አደረገው። ክው ብዬ ቀረሁ። ሰው በሞተበት ውሃ ላይ ምራቅ! ሕዝቡ አጉረመረመ። የአባቴ እህት ዘላ ተነሥታ ከእጁ ነጠቀችው።

«በምራቅህ ነው ወንድሜን የምታየው? አንተ ያልተጠመቅህ!»

ይህን እያለች መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ፈትጋ ወለወለችው። አሁን ወታደር ይጠራል ብዬ የእናቴን ቀሚስ ያዝሁ። እሱ ግን መልሶ ተቀበላት፤ ፊቱ ላይ አጠለቀና ገባ።

ወዲያው ወጣ። መስተዋቱ በውስጥ በኩል ጉም ለብሶ ዓይኑ እንኳ አይታይም። በብርድ እየተንቀጠቀጠ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«ትንፋሼ መስተዋቱ ላይ ጉም እየሆነ አሳወረኝ ይላል። ምራቅ ሲቀባ ጉሙ አይይዘውም። ንቀት አይደለም፣ እናቴ።»

«ሰበብ ነው!» አለች አክስቴ። «ገድለው አልበቃቸው፣ ደግሞ ሊተፉበት!»

ጣሊያኑ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ልብሱ ሄደ። ከሄደ አባቴ እዚያው መቅረቱ ነው። «አይሂድ» ልል ፈለግሁ፤ ድምፄ አልወጣም። ያን ጊዜ እናቴ ተነሥታ መስተዋቱን ከእጁ ወሰደች። ትሰብረዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«እንትፍ! እንትፍ!»

ስገልጥ፣ እኛን ለመንገድ ስትሸኝ እንደምታደርገው፣ መስተዋቱ ላይ እንትፍ እያለች ትመርቃለች። «የምትፈልገውን ያሳይህ። ጥልቁን ይግለጥልህ።»

አክስቴ ደረቷን መታች። «አንቺ! ባልሽን የበላውን ጠላት ትመርቂያለሽ?»

«ዓይኑን ነው የመረቅሁት» አለች እናቴ። «ሌላውን ለእግዜር ትቼዋለሁ።»

ጣሊያኑ ፈራ ተባ እያለ የእናቴን ምራቅ በጣቱ አዳረሰው፤ አለቅልቆም ገባ። ብዙ ቆየ። ለትንፋሽ ብቅ ሲል መስተዋቱ ጥርት ብሏል። በእጁ ወደ ታች አመለከተና ገመድ ጠየቀ። ተመልሶ ገባ። ወንዶቹ ገመዱን ሲስቡ መጀመሪያ ጋቢው፣ ከዚያ የአባቴ እጅ ብቅ አለ።

«ተመስገን፣ አፈር አገኘህ» ብላ እናቴ ተንበረከከች።

እኔ ጮኽሁ። ከሰው ሁሉ በላይ ጮኽሁ፤ አክስቴ እንኳ ዞራ አየችኝ። ሁሉም ሬሳ ሲፈልግ፣ እኔ የምጠብቀው አባቴን ነበር። ከማዶ በኩል ወጥቶ፣ ልብሱን እየጨመቀ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።