ጠመም ያለችው ከንፈር

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ ቤቴ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአባቴን የጀሶ ሐውልት ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «መምህርት፣ የከንፈራቸው ጥግ ጠመም ብላለች፤ በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክልልዎት?» አለኝ።

«ንካትና ወዮልህ!» አልኩት። ግራ ገባው። እሱ ምን ያውቃል።

ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለሁ የክረምቱን ማብቂያ ላሳልፍ አርብ ገበያ ከተማ፣ ወላጆቼ ዘንድ ገባሁ። ዝናቡ ሊያባራ ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ የባቄላው አበባ ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። ጀሶ በማዳበሪያ ጭኜ ስለመጣሁ እናቴ ዱቄት መስሏት ወንፊት አንስታ ነበር። የአባቴን የአድማሱን ሐውልት ልሠራ ነው ብዬ ለጎረቤት ማውራቴ ግን ነገር አመጣ። በእኛ አገር ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ሰው፣ መቃብር ላይ ነዋ! ዓርብ ዕለት «ለአድማሱ ሐውልት እየተሠራለት ነው» የሚለው ወሬ ገበያ ወጣ። የሰማው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲቀባበለው ወገዳ በምትኖረው በአክስቴ በእናኑ ጆሮ ገባ።

እናኑ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አያቴ የሞተች ጊዜ መርዶው ዘግይቶባት ለቀብር ሳትደርስ ቀርታለች። «ሆን ብለህ ነው ያዘገየኸው» ብላ ወንድሟን ካኮረፈች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። አባቴ ሽማግሌ ቢልክባትም እሺ አላለችም። ሳይታረቁ እንዳይሞት ይፈራ ነበር፤ ለእኔ ባይነግረኝም ስሟ ሲነሳ ፊቱ ላይ ይታወቅበታል።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን መደብ ላይ አጋደምኩት። ጀሶው እንዳይጣበቅበት ፊቱን ቅቤ ቀባሁትና የአፍንጫውን ቀዳዳ ብቻ ትቼ ሌላውን በጀሶ ሸፈንኩት።

«አባባ፣ እስኪጠነክር እንዳይናገሩ። ከንፈርዎ ከተንቀሳቀሰ ቅርጹ ይበላሻል።»

እጁን አንሥቶ እሺ አለኝ። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃልና እኔም መሞቅ እስኪጀምር አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

«ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ወዲያ ሰማሁ። እናኑ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እግሯ በጭቃ ተለውሶ ገባች። ያንን ነጭ ፊት ስታይ መደቡ ሥር ተደፋች።

«ዛሬም ሳታረዱኝ! እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ፣ አንተንም? ወንድምዬ፣ ኩርፊያው ምን ሊበጀኝ ነው? አንድ ቀን ራሱ ይመጣል እያልኩ በር በሩን ሳይ ኖሬ…»

«እቴቴ፣ አልሞቱም! ጀሶ ነው!» ብላት የት ሰምታኝ።

የአባቴ ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ከጀሶው ሥር «እም» የሚል ድምፅ መጣ። ቅርጹማ አለቀለት አልኩ። ወዲያው እጁ ከመደቡ ተነሥቶ አየሩን ሲዳብስ ቆየና እጇን ያዘው። እናኑ በድንጋጤ ጮኸች፤ እጇን ግን አልነጠቀችውም።

ጀሶውን ሳነሣለት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሙሾሽን አቋረጥኩብሽ» አላት። ደረቱን በጡጫ እየመታች ሳቀችም አለቀሰችም። የዚያን ቀን ምሳ ከአንድ ትሪ በሉ። ደስ አለኝ፤ ሥራዬ ቢበላሽም ደስ አለኝ።

በኋላ ቅርጹን ውስጡን ሳሙና ቀብቼ ጀሶ ሞላሁበት። ሲደርቅ የውጭውን ቅርፊት ሰብሬ ሐውልቱን ሳወጣው የፈራሁት ደርሷል፤ ከንፈሩ ጠሟል። እንደገና ልሥራው ስል እናኑ ከለከለችኝ።

«ተይው። ሊመልስልኝ ሲል ነው።»

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ሐውልቱ ተጠጋ። «ታዲያ ምን ሊሏቸው ነበር?» አለኝ።

አባቴን በሕይወት ሳለ ጠይቄው ነበር። ዛሬ እሱም እናኑም የሉም፤ እኔም አርጅቻለሁ። ያን ጊዜ የመለሰልኝን ግን አልረሳሁትም።

«አለሁ ልላት ነበር» ነው ያለኝ።