የጉንዳን የውሰት ቼሎ

ሰፈርተኛው «ጉንዳን» ይላታል። ከራሷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ ስለምትሮጥ ነው። ሸክሙ ቼሎ ነው፤ ጉልበት መካከል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት፣ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ተረጋግታ ተቀምጣ ምሳ ስትበላ ያያት ሰው ግን የለም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። «ይቺን ልጅ ስሮጥ ነው መሰለኝ የወለድኳት» ትላለች፣ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ።

ሩጫው የባሰባት ጥሩው ቼሎ ቤት ከገባ ወዲህ ነው። የራሷማ ከኮምፔንሳቶ ጣውላ የተሠራ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ያገኘችው፣ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለወጣት ሙዚቀኞች መልካም መሣሪያ የሚያውስ ማህበር ፈትኖ መቶ ዓመት ያለፈው ቼሎ አዋሳት። ውሰቱ የደመወዝ ሥራ እስክታገኝ ነው፤ በዓመት በዓመት ደግሞ ለምርመራ ይቀርባል። ፈርማ ተቀበለች። ያን ቀን ግን ብራና ቢሰጧትም ሳታነብ ትፈርም ነበር።

ማህበሩ አንድ ልማድ አለው። መሣሪያ የሚመልስ ሰው የመሣሪያውን ጠባይ ለቀጣዩ ተዋሽ ጽፎ ሳጥኑ ኪስ ውስጥ ይተዋል። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ ሲመጣ ያኮርፋል። ወፍራሙን ክር አትጫኑት። ሙቀት ሲበዛ ክሮቹን ትንሽ አላሉ።»

«ትንሽ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ እሷ ልብ አላለቻትም።

የዘንድሮው ምርመራ ማክሰኞ ዋለ። ሐሙስ ደግሞ ኦርኬስትራው ለተለቀቀች አንዲት የቼሎ ወንበር ፈተና ይሰጣል። ለዚያች ወንበር ስትል ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥታለች። ማክሰኞ ጠዋት ቼሎውን አራት ጊዜ ወለወለችው፤ ሳጥኑን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ!»

አውቶቡስ ውስጥ እንደ ልማዷ ሳጥኑን በመስኮቱ በኩል አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። ረዳቱ ያውቃታል። «ለባልሽም ትኬት ቁረጪለት» አላት። መስኮቱ አይከፈትም፣ ፀሐዩ ሳጥኑን እየጠበሰው ነው፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ከአሁን አሁን ተሰነጠቀ እያለች ተቁነጠነጠች። በመጨረሻ አላስችል አላት፤ ሳጥኑን ከፍታ መቃኛዎቹን አዞረች፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ክሮቹ ሁሉ ረገቡ። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ከቼሎው ሆድ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። በቼሎ ሆድ ውስጥ ጣት የምታህል እንጨት ቆማለች፤ ምሰሶ ይሏታል። ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር፣ ክሮቹ ከላይ ሲጫኑ ብቻ የምትቆም ናት። አራቱም ባንዴ ከላሉ ትወድቃለች፤ እሷ ከወደቀች ድምፅ የለም። የማህበሩ ደንብ ደግሞ ምሰሶው የወደቀ መሣሪያ አንድ ሳምንት መጠገኛ ክፍል ይቆያል ይላል። ሐሙስ የቀረው ሁለት ቀን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው።

ሁለት ፌርማታ ሲቀራት ወረደችና ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ሮጠች። ሰውየው ምሰሶዋን ሊያነሳ ሽቦ ቆለመመ።

«አምስት ደቂቃ ናት እህቴ፤ ማንም አያውቅም» አላት።

ሽቦው በቼሎው ሆድ ቀዳዳ ሊገባ የቀዳዳውን ጫፍ ሲነካ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በጥጥ የጠረገችው ጫፍ ነው።

«ተው! እጅህን አንሳ!» ብላ ጮኸችበት። ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ጮኻ፣ ሳጥኗን አዝላ ወጣች። እንባዋ መንገዱን ጋረደባት።

የማህበሩን መሣሪያዎች የሚሠሩትን ሽማግሌ ተዋሾቹ «ሐኪሙ» ይሏቸዋል። ማህበሩ ስትደርስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እንጨት ይልጉ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ክሮቹን አላልቼ ምሰሶዋን ጣልኳት።»

«ስንቱን ክር?»

«አራቱንም።»

«ለምን ብለሽ?»

«እንዳይሞቀው ብዬ።»

ሽማግሌው ቼሎውን ነቅነቅ አደረጉና አዳመጡ። «እዚህ የሚመጣው ስብራት ሁሉ እንዳይሞቀው፣ እንዳይበርደው ተብሎ የደረሰ ነው» አሉ። «ሳምንት ይቆያል።»

«ሐሙስ ፈተና አለብኝ እኮ!»

«ሳይረጋ ካወጣሁት ሆዱ ይሰነጠቃል። ሌላ የለሽም?»

«የኮምፔንሳቶ አለኝ።» አፈረች።

«እሱም ክር አለው» አሉ፣ ወደ ሥራቸው እየዞሩ።

ሁለት ቀን ከዚያ ኮምፔንሳቶ ጋር ተናነቀች። የጥሩውን ድምፅ ልታወጣበት ስትታገል ያጓራል፤ ትረግመዋለች፣ ትነሳለች፣ ክፍሏን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «የሌለውን ከየት አምጥቶ ይስጥሽ? ያለውን ተቀበይው» አለቻት። ሐሙስ ዕለት ፈታኞቹ ከመጋረጃ ወዲያ፣ እሷ ከመጋረጃ ወዲህ ሆኑ። ጎርናናው ድምፅ እንደ ጎርናናነቱ ወጣ። አልታገለችውም።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ፤ ወንበሯ የእሷ ሆነች። እናቷ ልብስ ከነመርፌው ጥላ አቀፈቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዛ ወደ መጠገኛ ክፍሉ በረረች። ቼሎው ተጠግኖ ጥግ ቆሟል። ሐኪሙ ደብዳቤውን አንብበው ተነሱና በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«ደስ ይበልሽ ልጄ። በጣም ደስ ይበልሽ።»

ሳጥኑን ግን አልሰጧትም። መሳቢያ ከፍተው ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቷ አስቀመጡ። «የደመወዝ ሥራ እስክታገኝ» ይላል ውሉ። ፈርማበት ነበር፤ ጨርሶ ረስታው።

«አንዴ ልጫወተው?»

«ተጫወቺ።»

የድሮው ድምፅ መጣ፣ እንዲያውም ጠርቶ። ሐኪሙ በቃሽ አላሏትም፤ እሷም አልቸኮለችም። ከዚያ ጻፈች፦ «ዝናብ ሲመጣ ያኮርፋል፤ ማግስቱን ይታረቃል። አራቱን ክር ባንዴ አታላሉ። ካላላችሁም ለጋሼ ንገሯቸው እንጂ ወደ ሽቦ አትሂዱ።» አጣጥፋ በኪሱ ከተተችው።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ትታ ዳር ተቀመጠች። ከሁለት ፌርማታ በኋላ አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው አጠገቧ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው አለው?»

ባዶውን ወንበር አየችው።

«የለውም እማማ» አለች፣ ተነስታ እያሳለፈቻቸው። «ይቀመጡ።»