አጥር የሌለው በር

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከቤቴ ስወጣ የያዝኩት በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብዳቤ፣ ትንሽ በሶና የገብስ ዳቦ ነው። ደብዳቤው ከማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ሲሆን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የአንድ ዘበኛ ደመወዝ፣ እና ተማሪዎችን ለማማከር የሠለጠነ አንድ ሰው። አራተኛ ደብዳቤያችን ነው። ሦስቱን በሰው እጅ ልከን የት እንደገቡ አይታወቅም። ይህኛውን ራሴ ላደርሰው ተነሣሁ።

ያስቸኮለችኝ አስካለ ናት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ አዲስ ቃል ባጋጠማት ቁጥር መዝገበ ቃላቴን ካልተዋስኩ ብላ የምትሞግተኝ ልጅ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሽማግሌ ልኮ የተከለከለ አንድ ጎልማሳ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ግቢያችን ገብቶ ክንዷን ይዞ ጎተታት። ልጆቹ ጮኹ፣ እኛም ደረስን፣ ጥለዋት ሸሹ። ለፖሊስ አመለከትን፤ «እየተፈለጉ ነው» ተባልን። አስካለ ከዚያ ቀን ወዲህ አትናገርም። ስሟ ሲጠራ እጇን ብቻ ታነሣለች። የክፍሉ በር ሲንኳኳ እስክሪብቶዋ ከእጇ ይወድቃል።

አባቷ አቶ ደምሴ ባለፈው እሁድ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ቁጭ በሉ ብላቸው እንኳ ሳይቀመጡ፣ «እስከሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጠባቂ ካልቆመ ልጄን አልልክም፣ መምህርት። እኔ በጎቼን እንኳ ጠባቂ በሌለበት አላሰማራም» አሉኝ።

ልቆጣቸው ፈልጌ አልቻልኩም። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ካገባሁና ከፈታሁ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከትምህርት የቀረች ልጅ ስንት ዓመት ቆይታ እንደምትመለስ፣ ብትመለስም ከማን አጠገብ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ።

ስለ በራችንም እዚሁ ልንገራችሁ። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ጥበቃና ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት ድጎማ መደበ ተብሎ አምና በስብሰባ ሲነገረን አጨብጭበናል። ከወራት በኋላ ከመኪና የወረደልን አንድ ሰማያዊ የብረት በር ነበር። በሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች መካከል ተተከለ። አጥር የለም። ከበሩ በስተግራ ሜዳ ነው፤ በስተቀኝም ሜዳ ነው። ላሞች ዞረውት ይገባሉ፣ እነዚያ ሰዎችም ዞረውት ገቡ። ርእሰ መምህራችን ግን በየጠዋቱ ልክ በሁለት ሰዓት ይቆልፈዋል። አርፍዶ በጎን የገባ ተማሪ ስለሚቀጣ፣ ልጆቹ ያ ሁሉ ሜዳ አጠገባቸው እያለ በሩ ፊት ተሰልፈው እስኪከፈትላቸው ይጠብቃሉ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

በውርጭ በደረቀ ሣር ላይ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ዋናው የጠጠር መንገድ ደረስኩ። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ረዳቱ ሃያ ብር ጠየቀኝ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ታሪፍ አሥራ ሁለት ይላል፤ በጣቴ አሳየሁት።

«እሱ የድሮው ነው፣ እናቴ።»

«ታዲያ ለምን ለጠፋችሁት?»

«ትራፊክ እንዲያየው ነዋ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሃያ ከፈልኩ።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ደብዳቤ መቀበል፤ አምስት ደቂቃ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሰሌዳውን በቃሌ አጠናሁት፤ ሦስት የፊደል ግድፈትም አገኘሁበት። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ጠራችኝ።

«የሥራ ሂደቱ ባለቤት የሉም። ሞላሌ ከተማ ግምገማ ላይ ናቸው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ግምገማው ሲያልቅ።»

«ሌላ ሰው ሊያየው አይችልም?»

«ጉዳዩ የእሳቸው ነው፣ እትዬ። እኔ የምቀበለው ለእኔ የተመራውን ነው።»

አልጋ በሠላሳ ብር ያዝኩ። ሽሮው ቀጭን ነበር፤ ለመኝታ የተሰጠኝ ባና ግን የአገራችን ጥሩ የበግ ጠጉር ስለሆነ ብርዱን ቻልኩት።

ሐሙስ፣ ሞላሌ

የሥራ ሂደቱን ባለቤት ያገኘሁት ተሰብሳቢዎቹ ለሻይ ሲወጡ ነው። ፊቱ ደስ የሚል ወጣት ነው፤ የትምህርት ቤታችንን ስም ስነግረው እንዲያውም ፊቱ በራ።

«የእናንተማ በጥበቃ ሞዴል ነው፣ መምህርት!» አለና ማኅደሩን ገልጦ አሳየኝ። «ይኸው፤ ጥበቃ፣ ተሟልቷል። የምክር ክፍል፣ ተሟልቷል።»

«የተሟላው በሩ ነው ወይስ ጥበቃው?»

«በር እኮ ጥበቃ ነው።»

«አጥር የለውም።»

«አጥር በሌላ ርዕስ ነው የሚያዘው፤ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው።»

«ዘበኛስ?»

«ዘበኛ ደመወዝ ነው። ድጎማው ለደመወዝ አይውልም።»

«ልጅቷስ?»

ያኔ ገና ቀና ብሎ አየኝ። «የቷ ልጅ?»

ነገርኩት። የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔም እኅት አለችኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ከአዳራሹ ተጠራ። እየተጣደፈ ወደ መኪናው ሄዶ ክንድ የሚያህል የወረቀት ጥቅል አመጣልኝ። «ለምክር አገልግሎት የመጣ ነው፤ ወሳጅ ጠፍቶ ነው የቆየው። ደብዳቤዎን አስመራዋለሁ» ብሎ ደብዳቤዬን ይዞ ገባ።

ጥቅሉን ፈትቼ አየሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ፖስተር ነው። «የሚያስጨንቅህን ነገር ለትምህርት ቤትህ የምክር ባለሙያ ንገር» ይላል። የትምህርት ቤታችን የምክር ባለሙያ እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ሴት ስለሆንኩና ስለማልጮህ መረጡኝ፣ የሦስት ቀን ሥልጠናም ወስጃለሁ። ክፍል አለኝ፤ በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» ተጽፏል፣ ውስጡ እስከ ጣሪያው የተሰበረ ዴስክ ነው። አስካለን ያነጋገርኳት ውጭ፣ ግድግዳ ጥግ ቆመን ነው። ልጅቷም እኔን ሳይሆን ሜዳውን ስታይ ነበር።

ዓርብ፣ ጓሳ

በመመለሻዬ የመኪናው ጎማ ፈነዳ፤ ትርፉም ጎማ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ወርጄ በጓሳው የሣር ሜዳ በኩል አቋርጬ በእግሬ ልሄድ ወሰንኩ። ጭጋጉ ከጅባራ ተክሎቹ ላይ ገና አልተነሣም ነበር። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ጋሽ በሻህን አገኘኋቸው፤ ከአቶ ደምሴ መንደር የሆኑ፣ በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ የተሸከምሽው? ቆርቆሮ ነው?»

«ወረቀት ነው፣ ጋሼ። ከወረዳ በሦስተኛ ቀኔ መመለሴ ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሄደሽ ወረቀት!»

ተቀምጠን በሶዬን እየተካፈልን የአስካለን ነገር ነገርኳቸው። ስለ በሩ ሳነሣ ግን ሳቃቸው መጣ። «አንድ ቀን እህል ጭኜ ሳልፍ አህያዬ በሩ ፊት ቆማ አልሄድም አለችኝ። ከተማሪዎችሽ ጋር ተሰለፈች እኮ!»

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። «አጥር የለንም፣ ጋሼ! ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ሆኖ ምን ይጠበቃል?»

በዱላቸው ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ጓሳውን አሳዩኝ። «የዚህስ አጥሩ የታለ? ሣሩ በተከለለ ጊዜ ከየመንደሩ በተራ እየወጣን እንጠብቅ ነበር። ማጭድ ይዞ ብቅ ያለውን ከወዲያ ማዶ ሆነን በስሙ፣ ባባቱ፣ ባያቱ እንጠራዋለን። አገሩ እየሰማው የሚያጭድ የለም።»

«እሱ ለሣር ነው» አልኩ፣ በቁጣ።

«እኮ» አሉ ጋሽ በሻህ። «ለሣር።»

ተነሥተው በርኖሳቸውን አራገፉ። «የደምሴ ልጅ ናት አልሽኝ?»

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤቴ ስገባ ተናድጄ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው ሊጠብቋት እንዳሰቡ ገብቶኛል። መንግሥት ሠራሁ ብሎ የመዘገበውን ሥራ እኚህ ሰው በእርጅናቸው ለምን ይሠሩታል?

ሰኞና ከዚያ ወዲያ

ሰኞ ጠዋት ጋሽ በሻህ ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ሜዳው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል። አቶ ደምሴ አስካለን ይዘው መጥተው፣ «የዛሬው ተራ የእሳቸው ነው፤ የነገው የእኔ» አሉኝ። ርእሰ መምህሩ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ጋሽ በሻህን፣ «በበሩ ይግቡ እንጂ፣ አባቴ!» ቢላቸው፣ «እኔ አልገባም፤ ሥራዬ እዚህ ነው» አሉት።

ሐሙስ ተራው ወደ ጋሽ በሻህ ተመለሰ። በእረፍት ሰዓት ያ ጎልማሳ በሜዳው ጫፍ ብቅ አለ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሡም። በስሙ፣ ባባቱ፣ ባያቱ ጠሩት፤ ደግመው ጠሩት። ግቢው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ሰውየው ጥቂት ቆመ፣ ኋላ ነጠላውን ፊቱ ላይ ስቦ ዞረ።

በማግስቱ ዴስኮቹን ከምክር ክፍሉ አስወጣሁና አስካለን ጠራኋት። ሜዳው በሚታይበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። 

«ነገ… ሰኞ የማን ተራ ነው፣ ቲቸር?» አለችኝ።

መልሱን በቃል አልሰጠኋትም። ከፖስተሮቹ አንዱን ገልብጬ ነጩን ጀርባውን ዘረጋሁላት፤ የተረኞቹን ስም እየነገርኳት ጻፈች። እስክሪብቶው ከእጇ አልወደቀም።

ሦስት ቀን ተጉዤ ያወቅኩት፣ ትምህርት ቤታችን ሁለት መሆኑን ነው። አንደኛው በዚያ ወጣት ማኅደር ውስጥ ነው፤ እሱ ጥበቃ አለው፣ አማካሪም አለው። አስካለ የተመዘገበችው ግን በዚህኛው ነው። በዚያው ሳምንት ከወረዳ የመጣ ቅጽ ላይ «ጥበቃ» ከሚለው ፊት «ተሟልቷል» ተብሎ ተሞልቶ የእኔ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። አልፈረምኩም። በኅዳጉ ላይ «ሦስት ሽማግሌዎች፣ በተራ፣ ያለ ደመወዝ» ብዬ ጽፌ መለስኩት።

አስካለ የጥቅምትን ተረኞች ጨርሳ ኅዳር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሣች። ኅዳር የገብስ አጨዳ ነው፤ አባቷም፣ ጋሽ በሻህም ማሳ ላይ ናቸው።

«ከዚህ በኋላስ?» አለች።

«ባዶውን ተዪው» አልኳትና አምስተኛውን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።