የሸማኔው ይማም ፎቅ

አርብ ገበያ ከተማ ላይ መጀመሪያ ፎቅ የሠራው ማን መሰላችሁ? ባለርስቱ አይደለም፤ ምስለኔውም አይደለም። ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ጋቢ ሲሠራ የሚውለው ሸማኔው ይማም ነው! በጃንሆይ ዘመን ነው እንግዲህ። ያውም ከፍ ያለ ቦታ ራሱን የሚያዞረው ሰው፤ እንኳን ዛፍ ላይ ቆጥ ላይም ወጥቶ አያውቅም።

ቦታው ጠባብ ነበር። እስላም ርስት በማያገኝበት በዚያ ጊዜ ያገኛት መሬት፣ በሬ ቢተኛባት ጅራቱ ጎረቤት የሚወድቅባት ነበረች። "ወደ ጎን ቢከለክሉኝ ወደ ላይ ማን ይከለክለኛል?" አለና የሸምበቆ ቁርጥራጭ ጭቃ ላይ ተክሎ፣ በላዩ ሌላ ደርቦ፣ ለአናጢው ለሙላው አሳየው።

ሙላው ሳቀ። "እኔ የማውቀው ጎጆ ነው። ጎጆ ያዘለች ጎጆ ከየት ላምጣልህ?"

ሆኖም ጀመሩ። የጽድ ምሰሶ ተተከለ፣ የወይራ አግዳሚ ተጋደመ፣ ወለሉ ተረበረበ፣ ግድግዳው ተለሰነ። ገበያተኛው ባለፈ ቁጥር "ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ሰው ሰማይ አማረው!" እያለ ያላግጥበታል። ይማም ጭቃውን ያቦካል። ሚስቱ ሀምዲያ እንኳ ለምን እንደሚሠራው ብትጠይቀው "ድሩን አይጥ እንዳይበላብኝ" ብሎ አለፋት።

ጭቃው ገና ሳይደርቅ ጣጣ መጣ። ላይኛው ቤት በምዕራብ በኩል አንዲት መስኮት አለችው፤ ከሥሯ ያለው ጓሮ ደግሞ የጎረቤቱ የእትዬ ቦጋለች ነው። ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነው። "ጓሮዬ አናት ላይ ዓይን ሰቀለብኝ! ትደፈን!" ብለው ለሽማግሌ ከሰሱት።

ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው አለቃ ኃይለ ሚካኤል "በል ውጣና የሚታይህን በመሐላ ንገረን" አሉት።

ይማም መሰላሉን ሲያይ ላብ አጠመቀው። መስኮቷ ከተደፈነች ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ቢስሚላህ ብሎ መሰላሉን እንደ እናቱ አንገት አቅፎ ወጣ፤ መስኮቷ ጋ ደርሶም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

"እህ፣ ምን ይታይሃል?" አሉ አለቃ ከታች።

"ወላሂ ምንም አይታየኝም አባቴ!"

"እንዴት አይታይህም?"

"ዓይኔን ጨፍኛለኋ!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ቦጋለችም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። "ምነው አንተ ሰው፣ የማታይበትን መስኮት ለማን አወጣኸው ታዲያ?"

ይማም ግድግዳው ላይ ይበልጥ ተለጠፈ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ አይናገርም። ግን መስኮቷ ልትደፈን ነው!

"ለሀምዲያ ነው" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። "የእናቷ አገር ስማዳ ነው። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሁሌ ወደዚያ ዞራ ትቆማለች፤ ጉብታው ይጋርዳታል። ከላይ ሆና እንድታየው ብዬ ነው።"

ሳቁ ቆመ። እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔም ከእስቴ ተድሬ የመጣሁ ነኝ" አሉ። "ትቆይላት። አጥሬን እኔው ከፍ አደርጋለሁ።"

ሀምዲያ ለካ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሯል። መሰላሉን ወጥታ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። "ግለጥ ዓይንህን። ይዤሃለሁ።"

መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ገለጠ። ከሸለቆው ማዶ፣ ከሸንተረሩም ወዲያ፣ ተራራ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

"ያ ነው?"

"አዎ፣ ያ ነው።"

ይማም ብዙ ቆይቶ አየው። "አይ ሀምዲያ!" አላት፤ "ለካ ይህን ያህል ሩቅ ነው ያመጣሁሽ።"